የጕልበት ሚዛን፤ ስለ ክብደት አንሺው ስለ ሲያማንድ ራሕማን

፩፤ መግቢያ

ተማሪዎች ሆይ፤ ሰው የባልንጀራውን ጕልበት ለመገመት በፈለገ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው አረማመዱንና አቋሙን ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደውን አይቶ ይህ ብርቱ ነው ይላል፤ በምርኵዝ ተደግፎ የሚሄደውን ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀመጠውን አይቶ ግን ይህ ደካማ ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ፍርድ ሚዛን ያልያዘ ፍርድ ነው። ነጋዴ የእህሉን ክብደት በዓይኑ ብቻ ገምቶ ዋጋ ቢቈርጥ ወይ ራሱን ይጐዳል፥ ወይ ገበያተኛውን ይበድላል፤ በሚዛን ላይ ካኖረው በኋላ ግን እውነቱ ይገለጥለታል። እንደዚሁም የሰው ጕልበት በዓይን ግምት ሳይሆን በሥራ ሚዛን ሊታወቅ ይገባዋል።

በዚህ ትምህርት ታሪኩን የምንነግራችሁ ሰው ሲያማንድ ራሕማን ይባላል። አገሩ በቀድሞ ስሟ ፋርስ የምትባለው ኢራን ናት። እግሮቹ የተጐዱ ስለ ነበሩ እንደ ሌላው ሰው ቆሞ ብረት ሊያነሣ አይችልም ነበር። ነገር ግን በአግዳሚ ላይ በጀርባው ተኝቶ፥ በሁለት ክንዶቹ ብቻ፥ 310 ኪሎ ግራም ብረት ከደረቱ ወደ ላይ ገፍቶ አንሥቷል። እናንተ በገጠር የምትኖሩ ልጆች አንድ ኵንታል እህል ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ፤ አንድ ኵንታል 100 ኪሎ ነውና፥ በአህያ ጀርባ ላይ ለመጫን ሁለት ጐልማሶች ወዲህና ወዲያ ሆነው ይረዳዳሉ። እንግዲህ ይህ ሰው ሦስት ኵንታልና ዐሥር ኪሎ በአንድ ጊዜ ብቻውን አነሣ ማለት ነው።

ይህ ጕልበት ከወዴት መጣ? በአንድ ቀን የተገኘ ነውን? ወይስ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የተከማቸ? የዚህ ትምህርት ዋና ጥያቄ ይህ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ለአንዳንዶቹ ግን የኢትዮጵያን አቈጣጠር አብረን እናመለክታለን።

፪፤ የጨዋታው መነሻ

አካላቸው የተጐዳ ሰዎች የሚወዳደሩበት ታላቁ የዓለም ጨዋታ ፓራሊምፒክ ይባላል። መሠረቱ የተጣለው በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አከርካሪያቸው በጥይትና በቦምብ የተመታ ወታደሮች ብዙ ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞ እንዲህ ያለው ቍስለኛ በአልጋ ላይ ተኝቶ ይኖር ነበር፤ በመኝታ ብዛትም ገላው እየቈሰለ፥ ኵላሊቱም እየታመመ፥ ብዙውን ጊዜ ሳይቈይ ይሞት ነበር።

ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ግን ይህን ልማድ አልተቀበለም። እርሱ በ1939 ከናዚዎች ግፍ ሸሽቶ ከጀርመን አገር ወደ እንግሊዝ የመጣ ይሁዲ ነበረ፤ በ1944ም በስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ሕክምና ክፍል አለቃ ሆነ። በሽተኞቹን ከአልጋ አስነሥቶ እንዲቀመጡ፥ ክንዳቸውንም እንዲያሠለጥኑ፥ ከዚያም አልፈው እንዲወዳደሩ አደረገ። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፥ በሐምሌ ወር 1948፥ 16 ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በሆስፒታሉ ግቢ ቀስት በመወርወር ተወዳደሩ። በ1960 በሮም ከተማ የተደረገው ጨዋታ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይቈጠራል፤ በርሱም 400 ያህል ተወዳዳሪዎች ከ23 አገሮች መጥተው ነበር።

ክብደት የማንሣት ውድድር ወደዚህ ጨዋታ የገባው በ1964 በቶኪዮ ነው። በመጀመሪያ የተፈቀደው አከርካሪያቸው ለተጐዳ ወንዶች ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን በሌላ ምክንያት እግራቸው የደከመ ወይም የተቈረጠ ሰዎች ሁሉ እንዲገቡ ሆነ። ሴቶችም በ2000 በሲድኒ ከተማ በተደረገው ጨዋታ ተጨመሩ። ይህ የክብደት ማንሣት ዓይነት ዛሬ በዓለም ሁሉ ፓራ ፓወርሊፍቲንግ ተብሎ ይጠራል።

፫፤ የውድድሩ ሕግ

ሕጉን ሳያውቁ ጨዋታውን ማድነቅ አይቻልምና አስቀድመን ሕጉን እንናገር።

ተወዳዳሪው በአግዳሚው ላይ በጀርባው ይተኛል፤ እግሮቹም በአግዳሚው ላይ ይዘረጋሉ። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ በጠፍር ማሰር ይፈቀድለታል። እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው በአግዳሚ ላይ ተኝቶ ብረት ሲገፋ መሬቱን በእግሩ ረግጦ ከዚያ ጥቂት ኀይል ይበደራል፤ ይህ ተወዳዳሪ ግን ከመሬት የሚበደረው ነገር የለውም። የሚሠራው በደረቱ፥ በትከሻውና በክንዱ ሥጋ ብቻ ነው።

የብረቱ ዘንግ ለብቻው 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በግራና በቀኝ ጫፉም ክብ ክብ ብረቶች እኩል ይጨመሩበታል። ተወዳዳሪው ስሙ ከተጠራ በኋላ ለመጀመር ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል። ክንዶቹን ዘርግቶ ብረቱን ይይዝና የዳኛውን ትእዛዝ ይጠብቃል። ትእዛዙን ሲሰማ ብረቱን ወደ ደረቱ ያወርዳል፤ በደረቱም ላይ ፈጽሞ ጸጥ አድርጎ ያቈመዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ክንዶች እኩል እያደረገ ወደ ላይ ይገፋል፤ ክርኑም ቀጥ ብሎ እስኪዘረጋ ድረስ አድርሶ፥ ዳኛው መልስ እስኪለው ድረስ ይዞ ይቈያል።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ሥራው ትክክል እንደ ሆነ ነጭ መብራት፥ ጕድለት ያለበት እንደ ሆነ ቀይ መብራት ያበራሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ነጭ ካበሩ ብረቱ ተነሣ ተብሎ ይጻፋል። ብረቱ በደረት ላይ ቢነጥር፥ አንዱ ክንድ ከሌላው ቢቀድም፥ ወይም ትእዛዝ ሳይሰጥ ቢነሣ፥ ተወዳዳሪው የቱንም ያህል ቢደክም ድካሙ አይቈጠርለትም። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ ይፈቀድለታል። ክብረ ወሰን ለመስበር ብቻ አራተኛ ሙከራ ሊጨመር ይችላል፤ አራተኛው ግን ለውድድሩ ደረጃ አይታሰብም።

ተወዳዳሪዎች የሚከፋፈሉት በገላቸው ክብደት ነው። እግሩ የተቈረጠ ሰው ገላው ቀሎ ስለሚመዘን፥ በጐደለው አካል መጠን በክብደቱ ላይ ጥቂት ታስቦ ይጨመርለታል። ለወንዶች የመጨረሻው ከባድ ክፍል ከ107 ኪሎ በላይ የሚመዝኑት ሰዎች የሚገቡበት ነው፤ እስከ ለንደኑ ውድድር ድረስ ግን ይህ ክፍል ከ100 ኪሎ በላይ ተብሎ ይጠራ ነበር።

እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ በዚህ ሕግ ውስጥ ለአንዱ ትክክል፥ ለሌላው ርኅራኄ የሚል አንቀጽ የለም። ዳኛው የተወዳዳሪውን እግር አይቶ አያዝንለትም፤ ተወዳዳሪውም ይታዘንልኝ ብሎ አይለምንም። የሚፈልገው በሚገባ መመዘንን ነው።

፬፤ የሲያማንድ አገርና ጅማሬው

ሲያማንድ ራሕማን የተወለደው በ1988 መጋቢት ወር፥ በኛ አቈጣጠር መጋቢት 12 ቀን 1980 ዓ.ም፥ ኦሽናቪዬ በምትባል ከተማ ነው። ይህች ከተማ በሰሜን ምዕራብ ኢራን፥ ምዕራብ አዘርባይጃን በሚባለው ክፍለ አገር፥ በተራራማው ወሰን አጠገብ የምትገኝ ስትሆን፥ የሚኖሩባት ሰዎች ከኩርድ ወገን ናቸው። ሲያማንድም ኩርድ ነበረ።

የኢራን ሕዝብ ለብርቱ ሰው ከጥንት ጀምሮ ክብር ይሰጣል። ዙርኻኔ፥ ትርጓሜውም የጕልበት ቤት፥ የሚባል የቈየ የሥልጠና ስፍራ አላቸው፤ በዚያም ወጣቶች ከበሮ እየተመታ ከባድ የእንጨት ዱላ እያወዛወዙ ገላቸውን ያጠነክራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ይህን ልማድ በ2010 በዓለም የባህል ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። በነርሱ ዘንድ እውነተኛው ኀያል ፓህላቫን ይባላል፤ ፓህላቫን የሚባለውም ክንዱ የጠነከረ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም የታረመ፥ ለደካማ የሚራራ፥ የማይታበይ ሰው ነው። ሲያማንድ ያደገው እንዲህ ያለ ክብር በሚታወቅበት አገር ነበር።

በ2010 በማሌዥያ ዋና ከተማ በኩዋላ ሉምፑር በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። በዚያው ዓመት በቻይና አገር በጓንግዙ ከተማ በተደረገው የእስያ ፓራ ጨዋታም የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለ። በዚያን ጊዜ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር።

፭፤ በለንደን የሆነው ነገር

በ2012 ፓራሊምፒክ በለንደን ተደረገ። ሲያማንድ 280 ኪሎ አንሥቶ በከባዱ ክፍል አሸነፈና የወርቅ ሜዳልያውን አገኘ። ብዙ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኛል ብሎ ይቀመጥ ነበር። እርሱ ግን ከ300 ኪሎ በላይ እንዲጫንለት ጠየቀ። በዚያን ጊዜ በፓራሊምፒክ ክብደት አንሺዎች ዘንድ 300 ኪሎ ያነሣ ሰው ከቶ አልነበረም። ብረቱ ተጫነለት፤ ሞከረም፤ ነገር ግን አልሆነለትም።

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ጕዳይ በችኰላ አታንብቡት። ድል በተቀዳጀበት ቀን፥ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት፥ ብረቱ አልታዘዝለት አለ። በዚህ ምክንያት አላፈረም፥ ሥራውንም አልተወም። ያልቻለውን ክብደት ልክ ዐወቀ እንጂ። የሚጐድለውን በትክክል የሚያውቅ ሰው መንገዱን ግማሽ እንደ ሄደ ይቈጠራል፤ ምን ያህል እንደሚጐድለው የማያውቅ ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ በ2014 በዱባይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፥ እንደዚሁም በደቡብ ኮርያ በኢንቾን በተደረገው የእስያ ጨዋታ አሸነፈ። በ2015ም በካዛክስታን አገር በአልማቲ ከተማ 296 ኪሎ አንሥቶ የዓለሙን ክብረ ወሰን ከፍ አደረገ። ወደ 300 ለመድረስ አራት ኪሎ ብቻ ቀረው።

፮፤ የሪዮ ቀን

በ2016 መስከረም ወር፥ በኛ አቈጣጠር መስከረም 4 ቀን 2009 ዓ.ም፥ በብራዚል አገር በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ከተማ የከባዶቹ ሰዎች ውድድር ተደረገ። ሲያማንድ በ270 ኪሎ ጀመረ፤ በዚህ ብቻ ሌሎቹን ሁሉ በልጧቸው ነበር። ከዚያ በኋላ 300 ኪሎ እንዲጫን አዘዘ። በለንደን የራቀው ቍጥር ዳግመኛ በፊቱ ቆመ። ብረቱን አወረደ፤ በደረቱ ላይ አቈመ፤ ገፋ፤ ክርኖቹም ተዘረጉ። ነጭ መብራት በራ፤ በፓራሊምፒክ ክብደት አንሺዎች ዘንድ 300 ኪሎ ያነሣ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ።

በዚህም አላቆመም። 305 ጨመረ፥ አነሣም፤ በመጨረሻም 310 ኪሎ አነሣ። እንዲህ አድርጎ በአንድ ቀን የራሱን ክብረ ወሰን ሦስት ጊዜ ሰበረ። ሁለተኛ የወጣው የግብጹ ዐምር ሞስዓድ 235 ኪሎ፥ ሦስተኛ የወጣው የዮርዳኖሱ ጀሚል ኤልሺብሊ 234 ኪሎ አነሡ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለያዩት በአንድ ኪሎ ብቻ ሲሆን፥ ሲያማንድ ግን ሁለቱንም ከ70 ኪሎ በላይ በለጣቸው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ከ310 ኪሎ የዘንጉን 20 ኪሎ ስንቀንስ 290 ይቀራል። ይህ በሁለት ሲካፈል በያንዳንዱ ጫፍ የተንጠለጠለው 145 ኪሎ ሆነ፤ በቀኝ ኵንታል ተኩል፥ በግራም ኵንታል ተኩል ሊሞላ አምስት አምስት ኪሎ ብቻ የጐደለው ነው።

፯፤ ጕልበት እንዴት እንደሚጨመር

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በለንደን 280፥ በሪዮ 310 ኪሎ ነበር። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 30 ኪሎ፥ ዘመኑም አራት ዓመት ነው። 30 ኪሎ ማለት 30,000 ግራም ነው። አራት ዓመት ደግሞ 1,461 ቀን ነው። ቢካፈል ለእያንዳንዱ ቀን የሚደርሰው 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። 20 ግራም እህል በመዳፋችሁ ብትይዙት አንድ ጭብጥ እንኳ አይሞላም! እንግዲህ ዓለምን ያስደነቀው ያ ታላቅ ጭማሪ በየቀኑ ቢከፋፈል ከአንድ ጭብጥ እህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

በእርግጥ ጕልበት በየቀኑ እኩል አይጨመርም። አንዳንድ ሳምንት ይጨምራል፤ አንዳንድ ሳምንት ይቆማል፤ በሕመምና በድካም ጊዜም ይቀንሳል። ነገር ግን ሒሳቡ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ የዛሬው ሥራ ትንሽ መስሎ ስለ ታየ ብቻ ሊናቅ አይገባውም። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው የተናገሩት ስለ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የጥንት ጸሐፊዎች ስለ አንድ የግሪክ ታጋይ፥ ሚሎን ስለሚባለው፥ የሚተርኩት ተረት አለ። አንድ ጥጃ በየቀኑ በትከሻው ይሸከም ነበር ይላሉ፤ ጥጃው እያደገ ሲሄድ የሰውየውም ጕልበት አብሮ አደገና፥ በመጨረሻ በሬውን ተሸከመ ይባላል። ነገሩ ተረት ቢሆንም ውስጡ እውነት አለበት፤ የዛሬ ሐኪሞችና አሠልጣኞችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። የሰው ሥጋ ከለመደው ሸክም ጥቂት የሚበልጥ ሸክም ሲያገኝ ይደክማል። ከዚያ በኋላ በምግብና በእንቅልፍ ራሱን ሲጠግን ከቀድሞው ጥቂት ጠንክሮ ይነሣል። ሸክሙ ሳይጨመር ቢቀር ሥጋው አያድግም፤ በአንድ ጊዜ እጅግ ቢጨመር ደግሞ ይሰበራል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ልክ ያለው ሥራ፥ የሚበቃ ምግብ፥ የሚበቃ ዕረፍት። ለሥጋ ማደግ የሚረዳው ምግብም በገጠር ቤት የሚገኝ ነው፤ ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስር፥ ወተትና ዕንቍላል።

በክራንች የሚሄድ ወይም ተሽከርካሪ ወንበሩን በእጁ የሚገፋ ሰው ክንዱ ከሌላው ሰው ክንድ ይልቅ ይሠራል። ሌላው በእግሩ የሚሠራውን እርሱ በክንዱ ስለሚሠራ፥ በመንገዱ ሁሉ ሳያስበው ይሠለጥናል። አካል አንዱ ሲደክም ሌላው ሥራውን ይረከባል፤ የሚረከበውም በሥራ እንጂ በመቀመጥ አይደለም።

ደግሞ ይህ ሰው ብቻውን ሠራ ብላችሁ አታስቡ። አሠልጣኝ ነበረው፤ ከባዱን ብረት የሚጭኑና የሚያቀብሉ፥ ብረቱም ቢወድቅበት የሚይዙለት ሰዎች በግራና በቀኝ ቆመው ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ብረቱን የሚገፋው አንድ ቢሆንም ወደ ብረቱ የሚያደርሱት ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ማንም ተማሪ ያለ አስተማሪና ያለ ረዳት ከባድ ነገር በደረቱ ላይ አንሥቶ አይሞክር።

፰፤ የመጨረሻ ዘመኑና ከርሱ በኋላ የሆነው

ከሪዮ በኋላ በ2017 በሜክሲኮ ከተማ የዓለም ሻምፒዮና፥ በ2018ም በኢንዶኔዥያ በጃካርታ የእስያ ፓራ ጨዋታ አሸነፈ። በነዚህ ውድድሮች 310 ኪሎ አልደረሰም፤ ሆኖም አሸነፈ። ከዚህም የምንማረው ሰው ዕለት ዕለት ክብረ ወሰን እንደማይሰብርና፥ የታላቅነቱ ማረጋገጫ በተለመደው ቀን የሚሠራው ሥራ መሆኑን ነው።

በ2020 መጋቢት መባቻ፥ በኛ አቈጣጠር የካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም፥ በተወለደባት በኦሽናቪዬ ልቡ በድንገት ቆሞ ዐረፈ። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር፤ 32 ሊሞላው ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። የኢራን ሰዎችና በዓለም ያሉ ክብደት አንሺዎች ሁሉ አዘኑለት።

የቶኪዮ ፓራሊምፒክ በወረርሽኝ ምክንያት ተላልፎ በ2021 በተደረገ ጊዜ፥ በዚያው በከባዱ ክፍል ያሸነፈው በሪዮ ሦስተኛ ወጥቶ የነበረው የዮርዳኖሱ ጀሚል ኤልሺብሊ ነው። ያነሣውም 241 ኪሎ ነበር። ከ234 ወደ 241፥ ሰባት ኪሎ በአምስት ዓመት! ይህም ትዕግሥት ነው። በ2024 በፓሪስ ደግሞ የኢራኑ አሕመድ አሚንዛዴህ በ263 ኪሎ አሸነፈ። የሲያማንድን 310 ግን በነዚህ በሁለቱ ጨዋታዎች የቀረበው እንኳ አልተገኘም።

፱፤ ስለ ሴት ተወዳዳሪዎች

ይህ ሥራ የወንዶች ብቻ ነው ብላ የምታስብ ልጅ ብትኖር የናይጄሪያይቱን የሉሲ ኤጂኬን ታሪክ ትስማ። ሉሲ በልጅነቷ በፖሊዮ በሽታ እግሯ ተጐዳ። ሴቶች በፓራሊምፒክ ክብደት እንዲያነሡ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ጨዋታ፥ በ2000 በሲድኒ፥ የብር ሜዳልያ ተቀበለች። በ2004 በአቴና፥ በ2008ም በቤጂንግ ወርቅ አገኘች። በ2016 በሪዮ፥ ሲያማንድ ታላቁን ሥራ በሠራበት ጨዋታ፥ እርሷም 142 ኪሎ አንሥታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረችና ዳግመኛ የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለች። በቶኪዮም የነሐስ ሜዳልያ አገኘች። ከሲድኒ እስከ ቶኪዮ ከ20 ዓመት በላይ ነው።

ፖሊዮ ሕፃናትን የሚያጠቃ፥ እግርንና ክንድንም የሚያሰልል በሽታ ነው። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኀኒት የለውም፤ ክትባት ግን አስቀድሞ ይከላከለዋል። ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ክትባታቸውን እንዲፈጽሙ ለወላጆቻችሁ አሳስቡ።

፲፤ ይህ ታሪክ ለመንደራችን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው

በየመንደሩ እግሩ የደከመ ልጅ አለ። አንዳንድ ወላጅ ከፍቅሩ የተነሣ፥ እንዳይወድቅብኝ እንዳይስቁበትም ብሎ በቤት ያስቀምጠዋል። አንዳንዱም ከሐፍረት የተነሣ እንግዳ ሲመጣ ይሰውረዋል። ምክንያቱ ፍቅርም ቢሆን ሐፍረትም ቢሆን ለልጁ የሚደርሰው ጕዳት አንድ ነው፤ ሳይመዘን ቀላል ነው ተብሎ ተፈረደበት። በቤት የተቀመጠ ልጅ ፊደል አይቈጥርም፤ ባልንጀራ አያፈራም፤ ክንዱም ሥራ ስላጣ ከእግሩ ጋር አብሮ ይደክማል። አንዱ ጕዳት ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ያደረሰው ግን በሽታው ሳይሆን ሰው ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ ይገባችኋል።

መጀመሪያ፤ እንዲህ ያለውን ባልንጀራችሁን በስሙ ጥሩት እንጂ በጕዳቱ አትጥሩት። እናቱ ያወጣችለት ስም ሳለ «አንካሳው» ብሎ መጥራት ስድብ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣበትን መንገድ ተመልከቱ። በመንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ አንሡ፤ በጐርፍ የተቦረቦረውን ደልድሉ፤ በክፍሉም ውስጥ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ስፍራ ልቀቁለት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ለእግሩ መታሰሪያ ጠፍር እንደ መፍቀድ ያለ ሕግ ነው። ጠፍሩ ብረቱን አያነሣለትም፤ እርሱ ራሱ እንዲያነሣ ያስችለዋል እንጂ።

ሦስተኛ፤ በጨዋታና በሥራ ጊዜ «አንተ ተቀመጥ» አትበሉት። ምን ልትሠራ ትችላለህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ይሞክርም። ባይሆንለት እንደ ማንኛውም ልጅ አልሆነለትም ማለት ነው፤ ሲያማንድም በለንደን አልሆነለትም ነበር።

አራተኛ፤ አንተ ራስህ እግርህ የደከመ ተማሪ ከሆንህ፥ ሰው ሁሉ 310 ኪሎ ማንሣት እንደማይችል ዕወቅ፤ ከአንተም ይህን የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው የዛሬው 20 ግራም ነው። ይኸውም ዛሬ የምታነበው አንድ ገጽ፥ ዛሬ የምትማረው አንድ ሒሳብ፥ ዛሬ ከትናንት ጥቂት አርቀህ የምትሄደው መንገድ ነው። የሚናገሩብህን ሰዎች ግምት አትስማ፤ ግምታቸው ሚዛን የለውምና።

መምህራንም ልጁን ከመዝገብ ከመሰረዛቸው በፊት ይህን ያስቡ፤ በኦሽናቪዬ የተወለደውን ያን ሕፃን እግሩን ብቻ አይቶ የፈረደ ሰው ቢኖር፥ ስለ እግሩ የተናገረው እውነት ይሆን ነበር፤ ስለ ሰውየው ግን ምንም አላወቀም ነበር።

ጥያቄዎች

1፤ ክብደት የማንሣት ውድድር በፓራሊምፒክ የተጀመረው በየትኛው ዓመትና በየትኛው ከተማ ነው? ሴቶችስ መቼ ገቡ?

2፤ ሦስቱ ዳኞች ቀይ መብራት የሚያበሩት በምን በምን ምክንያት ነው?

3፤ ሲያማንድ በአልማቲ 296፥ በሪዮ 310 ኪሎ አነሣ። ልዩነቱ ስንት ነው? በግራም ቢቈጠርስ ስንት ይሆናል?

4፤ ጀሚል ኤልሺብሊ በአምስት ዓመት ውስጥ የጨመረው ሰባት ኪሎ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢከፋፈል ምን ያህል ይደርሳል?

5፤ በመንደራችሁ በአካሉ ጕዳት ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለን? ካለ፥ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጣ የሚከለክለው ምን እንደ ሆነ ከወላጆቹ ጠይቃችሁ፥ ልታስወግዱት የምትችሉትን ለመምህራችሁ በጽሑፍ አቅርቡ።